ከዘመድ የማይወሰድ ደም

ሸዕባን 29

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል። የደም ባንካችንን ማቀዝቀዣ ከፍቼ አየሁ፤ የኦ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነው። በረመዳን ሰው ደም አይሰጥም፤ ጾመኛ ነው፣ ይደክመዋል፣ አላህም አይፈርድበትም። አደጋ ግን አይጾምም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ለሾርባው የሚበር ሹፌር ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው።

ረዳቴ ማብሩካ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጠዋት ብቻ ነው የጻፈችው። ማታም ይጻፋል አልኳት። «ዶክተር፣ ማቀዝቀዣው እኮ ማታ የትም አይሄድም» አለችኝ። ሃያ ዓመት አብራኝ ሠርታ!

የዩስራ ቀጠሮ ደርሷል። የእህቴ የነጃት ልጅ ናት፣ አስራ አምስት ዓመቷ። ታላሴሚያ አለባት፤ ሰውነቷ የሚሠራው ቀይ ሴል ዕድሜ የለውም፣ ስለዚህ ከጨቅላነቷ ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ በሰው ደም ነው የምትኖረው። እስካለፈው ክረምት ድረስ ኦ ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ ይበቃት ነበር። አሁን አይበቃትም። ሰው ስለ ደም ሲያወራ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ ብሎ ያበቃል፤ ሐኪሞች ሳይቀሩ። ቀይ ሴል በላዩ ላይ የተሸከመው ምልክት ግን በመቶ የሚቆጠር ነው። ዩስራ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከወሰደችው ደም ውስጥ ሰውነቷ ሁለት ምልክቶችን በጠላትነት ይዟል፤ ትንሹ ሲ እና ኬል የሚባሉትን። እነሱ ያሉበት ደም ከገባባት አንቲቦዲዎቿ ያፈርሱታል፣ ፍርስራሹም ኩላሊቷን ይዘጋዋል። ስለዚህ ኦ መሆን አለበት፣ ትንሹ ሲ የሌለበት፣ ኬልም የሌለበት። ከአስራ ሁለት ሰው አንድ ቢገኝ ነው። በረመዳን አስራ ሁለት ሰው ከየት ይመጣል?

ረመዳን 3

ሁለት ከረጢት ያስፈልጋት ነበር፤ አንድ ብቻ አገኘሁላት። ሄሞግሎቢኗ ሰባት ተኩል ሆኖ ነው የመጣችው። ከዘጠኝ በታች መውረድ አልነበረበትም።

አልጋው ላይ ተጋድማ ደሙ ሲንጠባጠብ ታየዋለች። ለምትወስደው ደም ሁሉ ባለቤት ትፈጥርለታለች፤ የልጅነት ልማዷ ነው። የዛሬው ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ዳቦ ዳቦ ይሸተኛል አለች። ያለፈው የሠርግ ዘፋኝ ነበር፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል ብላ ከሰሰችው።

«አጎቴ፣ ዛሬ በማን ላይ ነው የተቆጣኸው?»

«በማንም።»

«እንግዲያው አሞሃል ማለት ነው።»

ስትወጣ ደረጃው መሐል ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። እንዳላየሁ ሆንኩ። እሷም እንዳላየሁ ያመነች መሰለች።

ረመዳን 7

ከተራዊህ፣ ከሌሊቱ ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ውስጥ የደም መስጫ አልጋ ዘረጋን። ሸኹ መልካም ተናገሩ፤ ከአፍጥር በኋላ መስጠት ጾምን አይነካም፣ ነፍስ ማትረፍ ነው አሉ። ከዚያ ማይክራፎኑን ሰጡኝ። ባይሰጡኝ ይሻል ነበር።

ከአንድ ከረጢት ሦስት ሰው ይድናል አልኳቸው። ግማሽ ያህሉ ፕላዝማ ነው፣ የገብስ ውሃ የሚመስል፤ ለተቃጠለ ሰው ይሆናል። ቀዩ ሴል አየር ይሸከማል። ፕሌትሌት የሚሉት ቁርጥራጭ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከአምስት ቀን በላይ ግን አይቆይም። ነጩ ሴል ወታደር ነው። ኤ የሆነ ሰው ቢን የሚያፈርስ አንቲቦዲ በደሙ ይዞ ይዞራል፣ ቢም እንዲሁ ለኤ። የኦ ቀይ ሴል የኤም የቢም ምልክት ስለሌለው በሁሉም በር ይገባል፣ የኦ ሰው ራሱ ግን ከኦ በቀር ማንንም አያስገባም አልኩ። ይህን ሁሉ ሰው እያዛጋ ነው የተናገርኩት።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ዶክተር፣ በዚህ ሰዓት የእኔን ብትቀዱ ግማሹ ሻይ ነው፣ ግማሹ የሃሪሳ በርበሬ» አሉ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሃሪሳ ደም ውስጥ እንደማይገባ አስረዳሁ። ማብሩካ ክንዴን ጎተት አደረገችኝና «መሳቅ ነበረብዎ እኮ» አለችኝ።

ጥቂት ሰው ሰጠ። ሁሉንም ፈተንኩ። ለዩስራ የሚሆን የለም።

ረመዳን 10

ላዝሃር መጣ። የነጃት ባል ነው፣ የአባቴ ወንድም ልጅ። እሱና ነጃት የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ የእኔም የአጎት ልጅ ነው። ከአፍጥር በፊት፣ መጋዘኑን ዘግቶ፣ የቴምር አቧራ በጫማው ላይ እንዳለ። ልጁን ዙሄርንና የወንድሞቹን ልጆች አስከትሏል። በእኛ ቤት ሰው ደም ሲያንሰው ወንዶቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ጠቅልለው። ደም ከውጭ መለመን ውርደት ነው።

ናሙና ወሰድኩ። የዙሄር ደም ለእህቱ ተለክቶ የተሰፋ ያህል ገጠመ። የአንደኛው የአጎቱ ልጅም እንዲሁ።

አይሆንም አልኩ።

«ለማያውቀን ሰው ሲሆን ደማችን ንጹህ ነው፤ ለልጄ ሲሆን መርዝ ሆነ?»

«መርዝ አላልኩም።»

«ምን አልክ ታዲያ? እንደ ሰው ንገረኝ፣ እንደ መጽሐፍ አትንገረኝ።»

ነገርኩት። ነጩ ሴል ከዘመድ ሲሆን አደጋ አለው፣ አባትና እናት ዘመዳሞች በሆኑበት ቤት ደግሞ ይብሳል አልኩ። እሱ የሰማው «ዘመዳሞች ስለሆናችሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰው እስኪሰማ «ይህ ሰው እህቱን ስላገባሁ ዛሬም አልወጣለትም» አለ። እጅጌያቸውን አወረዱና ለማንም ሳይሰጡ ሄዱ። አምስት ጤነኛ ጎረምሳ! የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ላይኛው ፎቅ እያለ።

የተናገረው ውሸት ነው። እኔ የተቃወምኩት እሱን አይደለም። ከሠርጉ በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ፣ በቤታችን ይህ በሽታ አለ ነው ያልኩት። ላዝሃር ሳቀ። ያን ሳቅ የዩስራን ከንፈር ባየሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ይህ ቂም አይደለም። የማስታወስ ችሎታ ነው።

ረመዳን 11፣ ሌሊት

ዩስራ ደወለችልኝ። አባቷ የሚያወራው አልገባትም፣ አንተ ንገረኝ አለች። ለልጅ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም፤ እንዳለ ነገርኳት።

የማታውቂው ሰው ነጭ ሴል ወደ ደምሽ ሲገባ የአንቺ ወታደሮች መለዮውን አይተው እንግዳ መሆኑን ያውቃሉ፤ እዚያው በር ላይ ይጨርሱታል። የወንድምሽ ግን ያንቺኑ መለዮ ለብሶ ነው የሚመጣው። ወታደሮችሽ ከእኛው ነው ብለው ያሳልፉታል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ይዋለዳል። እሱ ግን ዙሪያውን ሲያይ አንቺ የአባትሽንም የእናትሽንም መለዮ ይዘሻል፣ እሱ የያዘው አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያንቺን ቤት የጠላት ቤት ነው ይላል። ቆዳውን፣ ጉበቱን፣ አንጀቱን፣ መጨረሻ ላይ ደም የሚሠራውን መቅኔ ያጠፋል። እናትና አባት ዘመዳሞች ሲሆኑ መለዮው በብዛት አንድ ዓይነት ስለሚሆን አደጋው ይጨምራል። ነጩን ሴል መካን የሚያደርግ የጨረር መሣሪያ አለ። እኛ ዘንድ የለም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ስለዚህ ዘመድ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው» አለች። አዎ አልኳት።

«እንደ አክስቴ» አለች። ሳቀች፣ ሳቁ ትንፋሽ አሳጣት። ሲመለስላት ጠየቀችኝ። «እንዲህ የሚሆነው ስንት ሰው ነው?»

«በጣም ጥቂት።»

«ደም አጥቶ የሚሞተውስ?»

ደም ታገኛለሽ አልኳት። ይህ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጥያቄውም ትክክለኛ አልነበረም፤ ሁለቱ ነገሮች አይወዳደሩም። ደም የሚያጣ ሰው ደም ሲገኝ ይድናል። ያኛው አንዴ ከጀመረ ማንም አይድንም። ይህን አልነገርኳትም።

ረመዳን 14

ቱኒስ ላለው ትልቁ ሆስፒታል ደወልኩ። ስድስት ጊዜ። ዩስራን እንዲቀበሉልኝ፤ አልጋ ከዒድ በኋላ። ዙሄርን ልላከው፣ ደሙን እናንተ ዘንድ ጨረር አስመቱት፤ እሱም ከዒድ በኋላ። ይልቅ ከማታውቀው ሰው የተወሰደ፣ ለእሷ የሚስማማ ሁለት ከረጢት አለን፣ መኪና ላክ አሉኝ። የሆስፒታላችን አምቡላንስ አንድ ነው። የሚፈቅደው ዳይሬክተሩ ነው፤ ዳይሬክተሩ ተኝቷል። ጾመኛ ነው።

ሄሞግሎቢን ስድስት።

ረመዳን 17

ነጃት መጣች፣ ብቻዋን። የወትሮውን ሾርባ አልያዘችም። ወንበር አቀረብኩላት፣ አልተቀመጠችም። ዩስራ ደረጃ መውጣት እንዳቆመች፣ ሳሎን ውስጥ እንደምትተኛ፣ ልቧ ሌሊት ሲመታ ከልብሱ በላይ እንደሚታይ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ልቧ ባነሰ ደም ሁለት እጥፍ እየሠራ ነው፤ ከተሰጣት ደም በተጠራቀመ ብረት የተጎዳ ልብ ነው ደግሞ።

መኪናው ሊሄድ ነው፣ ደሙ ይመጣል አልኳት። ከዚያም ከዙሄር መውሰድ ለምን እንደማይቻል እንደገና ላስረዳት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«አንተ ልክ ነህ፣ ወንድሜ። ሁልጊዜም ልክ ነህ። ልክነትህ ነው እኛን ያስመረረን።»

በሩን ዘግታ ሄደች። ልክ ከሆንኩ ምን ላድርግ? ልክ አለመሆን ነበረብኝ?

ረመዳን 20

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አምቡላንሱ ከቱኒስ ሲመለስ ጎማ ፈነዳበት፤ ትርፍ ጎማ አልያዘም። ቀትር ላይ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ቆመ። እዚህ ሲደርስ ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በረዶው ውሃ ሆኗል። ቴርሞሜትሩን በሁለቱ ከረጢቶች መካከል አስገብቼ ጠበቅሁ። አስራ አንድ። ደንቡ አስር ነው። ሌላ ቴርሞሜትር አስመጣሁ። አስራ አንድ።

ማብሩካ «አንድ ዲግሪ ናት፣ ዶክተር» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅቷ ኮሪደር ላይ ናት» አለች።

ኮሪደር ላይ መሆኗን አውቃለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር ነው ያመጧት፤ ሄሞግሎቢኗ አምስት ከሁለት። ነገር ግን ደሙ ስንት ሰዓት ሙቀት ላይ እንደቆየ ማንም አያውቅም። ሹፌሩን ጠየቅኩት፣ «ትንሽ» አለኝ። ትንሽ መለኪያ አይደለም። ሞቅ ባለ ደም ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ልቧ የደከመ ልጅን በአንድ ሰዓት ይገድላታል። ዛሬ አንድ ዲግሪ ካለፍኩ ነገ ሁለት አልፋለሁ። ድንበር የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የተሠመረው።

ከረጢቶቹን ቢጫው ቅርጫት ውስጥ ጣልኳቸው።

ቀና ስል ላዝሃር በበሩ መስታወት እያየኝ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን አዞረና ልጁን እየገፋ ሄደ። ዩስራ ወደኋላ ዞራ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ምን እንደተጣለ አላየችም መሰለኝ።

ለማንም ሰው ቢሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ነጥቡ ይኸው ነው። ለእህቴ ልጅ ስል ደንብ የማጥፍ ሰው ብሆን ኖሮ...

አስራ አንድ ነበር። ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ።

ረመዳን 22

ነጃት ስልክ አታነሣም። ቤታቸው ሄድኩ፣ ተዘግቷል። ጎረቤቷ በመስኮት ሆና ወደ ባሕሩ ዳር ሄደዋል አለችኝ። ለሽርሽር የሄዱ ይመስል።

ረመዳን 23

አንድ የግል ክሊኒክ። ስሙን አልጽፍም። ዙሄርን አጠገቧ አስተኝተው ቀድተው፣ ገና ትኩስ እያለ ለእሷ ሰጧት። ሁለት ከረጢት ሙሉ ከአንድ ልጅ አይወሰድም፤ ሁለተኛው ከአጎቱ ልጅ ነው። ማብሩካ ናት የነገረችኝ፣ እሷ ከገበያ ሰማች። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ቴምር ተራ ላይ «ዶክተሩ ደም ሲደፋ ወንድሟ አዳናት» ይባላል።

ትኩስ ደም! ነጩ ሴል ሁሉ ሕያው ሆኖ። የሚሠሩትን አያውቁም ወይስ ያውቃሉ? የክሊኒኩን ሐኪም ስልክ አግኝቼ ደወልኩለት። እኩያዬ ነው፣ ድምፁ ጾም የያዘው ሰው አይመስልም። ልጅቷ ልትሞትብኝ ነበር፣ አንተ ምን ልታደርግላት ነበር አለኝ።

ዘጋሁት። ምን ላደርግ እንደነበር ግልጽ ነው። ሌላ መኪና እልክ ነበር።

ሸዋል 1

ዒድ። በሩን ማን እንዳንኳኳ ለማየት ስከፍት ሁሉም ቆመዋል። ላዝሃር አዲስ ጀለቢያውን ለብሷል፣ ነጃት ማቅሩድ የሚባለውን የቴምር ጣፋጭ በሳህን ይዛለች፣ ዙሄር ከኋላ። ዩስራ በእግሯ ነው ደረጃውን የወጣችው። ጉንጯ ላይ ቀለም አለ። ከንፈሯ ቀይ ነው፤ እንዲህ ቀይ ሆኖ ያየሁት መቼ እንደነበር ትዝ አይለኝም።

ላዝሃር አቀፈኝ። ያሸነፈ ሰው አተቃቀፍ ነው። በአክብሮት «ሲ» እያለ፣ «ሲ ራውፍ፣ ያለፈው አለፈ። ደም ዘመዱን ያውቃል፣ ይኸው ነው» አለኝ። ዙሄር አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፤ ጾሙን ሙሉ የተሸከመውን ክብደት አሁን ያወረደ ይመስላል። ዩስራ ለወንድሟ ደም ባለቤት መፍጠር እንዳላስፈለጋት፣ ደሙ ግን ሰነፍ ስለሆነ ከወሰደች ጀምሮ እስከ ቀትር እንደምትተኛ ነገረችን። ሁሉም ሳቀ።

እኔ መዳፏን እያየሁ ነበር። ከዚያ የጆሮዋን ሥር።

«ምን ታየኛለህ፣ ሐብሐብ ነኝ?»

መልካም መስለሻል አልኳት። እውነት ነው፣ መልካም መስላለች። ገና ነው። ጊዜ ይወስዳል። የሚሰጥ መድኃኒት የለም፣ የሚጠበቅ ነገር ብቻ አለ፤ ያን ደግሞ ለማን ልንገር፣ በዒድ ቀን፣ ማቅሩድ በአፌ?

በሕይወቴ ስህተተኛ ልሁን ብዬ ለምኜ አላውቅም። ዛሬ ለመንኩ።

ሸዋል 4

ትኩሳት። ነጃት ደወለች፤ ጣፋጭ ስላበዛች ነው ትላለች። አዎ ሊሆን ይችላል አልኳት። አምጫት አልኳት።

ሸዋል 6

መዳፏ ቀልቷል። ጆሮዋ ሥርም። ነርሶቹ ኩፍኝ ነው ይላሉ። ሆዷን መቆጣጠር አልቻለችም። ዓይኗ ቢጫ ማለት ጀምሯል።

የደሟን ስላይድ ራሴ ቀባሁ። ማይክሮስኮፑ ሥር ነጭ ሴል ፍለጋ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ዞርኩት። የሌላ ሰው ስላይድ ቢሆን በየእርምጃው አንድ አገኝ ነበር። እዚህ መንደሩ ለቅቆ የሄደ ይመስላል። ማብሩካ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየች። መብራቱን ሳላጠፋ ብዙ ተቀመጥኩ።

ትክክል ነበርኩ።

ሸዋል 8

ቱኒስ አልጋ ተገኘ አሉ። አሁን! ለጉዞ እንደማትሆን ነገርኳቸው።

ሸዋል 9

ላዝሃር ግቢው ውስጥ ከቴምር ዛፉ ሥር ጠበቀኝ። እንዲህ አርጅቶ አይቼው አላውቅም። ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ በጾሙ ወር ሁሉ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ።

«ያልከው ነገር ነው?»

«አዎ።»

«መድኃኒት የለውም ያልከው።»

«የለውም።»

ራሱን ነቀነቀ። ሲጋራ አወጣ፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ «ለልጁ አትንገረው» አለኝ። ስለ ዙሄር ነው። አንድ ጊዜ ከጠየቀኝ የሆነውን እናገራለሁ አልኩት፤ ለታማሚ ቤተሰብ ያልሆነውን ነገር ነግሬ አላውቅም አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ ላዝሃር። «የሚያምንህ ለዚህ ነው።»

ንግግሬን ሳልናገር ገባሁ።

ሸዋል 11

ዩስራ ስትነቃ አጠገቧ ነበርኩ። ከንፈሯ ቆስሏል፤ ለመናገር ተቸገረች። ቀስ ብላ «ሳያንኳኳ ገባ፣ አይደል?» አለችኝ።

ትራሷን አስተካከልኩላት። መልሱ ገባት። ዙሄር በሩ ላይ ውሃ ይዞ ቆሞ ነበርና ዓይኗን ወደሱ አዙራ፣ ከዚያ ወደ እኔ መለሰች። እንዲህ ያለ ልመና በቃል አይነገርም።

ሸዋል 14

ዩስራ፣ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ።

ሸዋል 17

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ወንዶቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ ዙሄር ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ጢሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ አብጧል። ክንዱን፣ መርፌው የገባበትን ቦታ፣ በሌላው እጁ ይዞ ነው የሚያወራው።

«አጎቴ፣ አንተ አታሞኘኝም። የእኔ ደም ነው?»

ለሃያ ስድስት ዓመት ሰዎች መስማት የማይፈልጉትን ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ሲሰድቡኝ፣ አንዱ ወንበር ወርውሮብኛል። አልከበደኝም ነበር። እውነት የሰው ንብረት ናት፣ የእኔ ሥራ ማድረስ ነው ብዬ።

«አይደለም» አልኩት። «ትኩሳት ነው። ልቧ ደክሞ ነበር። ያንተ ደም እስከ ዒድ አደረሳት።»

ፊቱ ተፈታ። እጄን ሳመኝ። ላዝሃር ከድንኳኑ በኩል ያየን ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፣ ቀድሞ ያቀረቀረው እኔ ነኝ።

ሸዋል 18

ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ልጽፍ ነበር። ስም ሳልጠቅስ፣ ለትምህርት እንዲሆን። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ስም ባልጠቅስም ሁሉም ያውቃል፣ ዙሄርም ያውቃል። ተውኩት።

ዙልቂዳ 27

የላዝሃር ወንድም ልጅ ራድያ ወለደች፤ ደም መፍሰሱ አልቆም አለ። ወንዶቹ ሐኪሙ ሳይጠራቸው ደረሱ፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን ተጠቅልሏል። ፊት የቆመው ዙሄር ነው። ከዘመድ አይሆንም አልኩ፤ የተለመደውን።

«ለምን አጎቴ? ለዩስራ እኮ ጠቅሟት ነበር። አንተው ነግረኸኛል።»

ያሉኝ መልሶች ሁሉ ከአንዱ ቦታ ነው የሚመነጩት፤ ያን ቦታ ደግሞ ራሴ ደፍኜዋለሁ። ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ተገትረን መከራከር አይቻልም።

ተኛ አልኩት። ቀዳሁት። ከረጢቱን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጥኩና ለራድያ ሌላ አወጣሁ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የማያውቃት ሰው የሰጠውን ደም። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ መዝገቡም ትክክል ነው። የዋሸው አፌ ብቻ ነው። ማብሩካ ሁሉንም አየች። ቁጥሩን ጻፈችና ወጣች።

ራድያ ዳነች። ዙሄር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አገኘሁት።

«ጠቀማት?»

«ጠቀማት።»

ከለቅሶው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ዙልቂዳ 29

ጠዋት የቤቴን መስኮት ስከፍት ከጨው ሐይቁ ማዶ የመጣ ቤተሰብ ቆሟል። ታላሴሚያ ያለባት የሦስት ዓመት ልጅ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። ጥፍሯ ነጭ ነው። ከኋላ አጎቶቿ፣ የአጎቶቿ ልጆች፣ ሁሉም እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል። የምለውን አስቀድመው ሰምተው ኖሮ አባትየው አፌን ሳልከፍት በትሕትና ጀመረ።

«ዶክተር፣ ከዘመድ እንደማይወስዱ ነግረውናል። ግን የሲ ላዝሃር ልጅ ደም ለእህቱም ለአጎቱ ልጅም ሆኗል አሉን። ለሁለተኛዋ ራስዎ ነዎት የቀዱት።»

ዙሄር አብሯቸው ቆሟል። ቤቴን ያሳያቸው እሱ ነው። ሸሚዙን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ምን እንደምላቸው እየጠበቀ ፊቴን ያየኛል።